የሽንት ቤት ሒሳብ፦ ስንት ያስወጣናል? ስንትስ ያተርፍልናል?

የዛሬው ርዕሳችን ብዙዎቻችን በሰው ፊት ለማውራት የምናፍርበት፣ ነገር ግን በየጊዜው ከኪሳችን ገንዘብ፣ ከልጆቻችን ገላ ደግሞ ሥጋ የሚወስድ ጉዳይ ነው፤ የሽንት ቤት ጉዳይ።

ይህን ርዕስ ለማንሳት ምክንያት የሆነኝ ባለፈው ክረምት ግራና ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ያጋጠመኝ ነገር ነው። አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ተቅማጥ ይዞታል። በዚያው ክረምት ለዚሁ ሕመም ስትመጣ ሦስተኛዋ ነበር። ኦ.አር.ኤሱንና የዚንኩን እንክብል ሰጥቻት አበጣበጡን ልነግራት ስል፣ «ተይው እህቴ፣ እሱንማ እንደ ፋቲሓ ሸምድጄዋለሁ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን የድካም ሳቅ ነበር። «ሽንት ቤት አላችሁ?» አልኳት። «ነበረን፤ የሐምሌ ዝናብ ደረመሰው። አባቱ ደግሞ ለእሱ የሚሆን ብር ከየት ይመጣል ይላል» አለችኝ። የከፈለችኝን ብር ወደ መሳቢያው ሳስገባ አንድ ነገር ከነከነኝ። ለሽንት ቤት ጠፋ የተባለው ብር እኮ ይኸው እጄ ላይ ነው!

ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብለን ሒሳብ እንሥራ። ሽንት ቤት ስንት ያስወጣል? አለመኖሩስ ስንት ያስወጣል? የትኛው ዓይነት ያዋጣል? ደግሞስ ሽንት ቤት እያለን ልጆቻችን የሚታመሙት ለምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን፣ ኢንሻአላህ።

ሳናውቀው የምንከፍለው

ሽንት ቤት የሌለው ቤት ለዚህ ጉዳይ ምንም ወጪ እንደሌለበት እናስባለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያወጣል፤ የሚያወጣው ግን በሌላ ስም ነው።

1ኛ. የሕክምና ወጪ። ከመድኃኒት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያልቁት ምንድን ናቸው ብትሉኝ፣ የተቅማጥ፣ የአሜባና የጃርዲያ፣ የሆድ ትላትል እንዲሁም የዓይን ቅባት መድኃኒቶች ናቸው። ከዓይን ሕመሙ በቀር የእነዚህ ሕመሞች መነሻ በአብዛኛው አንድ መንገድ ነው። ከሰው ዓይነ ምድር የወጣ ተህዋሲ በእጅ፣ በዝንብ፣ በውሃ ወይም በምግብ አድርጎ ወደ ሌላ ሰው ይደርሳል። ሕመሙ ሲጠና ደግሞ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልዲያ የሚያደርሰው የመኪና ሒሳብ፣ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ ይጨመራል።

2ኛ. የሥራ ቀን። ልጅ ሲታመም እናት ከገበያ ትቀራለች፣ አባት ከማሳው ይውላል። ይህ በደረሰኝ ላይ ስለማይጻፍ ማንም አይቆጥረውም።

3ኛ. የምግብ ኪሳራ። በዚህ አምድ ስለ ልጆች አመጋገብ ደጋግመን አውርተናል። ነገር ግን ተቅማጥ የሚመላለስበትን ልጅ መመገብ በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መሙላት ነው። የበላው ሳይዋሃደው ይወጣል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ የሆድ ትል ደግሞ የተረፈውን ይሻማዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ተደጋጋሚ ሕመም አንዱ ነው።

4ኛ. ጊዜ። ቁጥቋጦና ገደል ፍለጋ የሚኬድበትን ጊዜ ቁጠሩት። በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ ብንል በዓመት 60 ሰዓት ይሆናል። ይህ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ሰባት የሥራ ቀን ተኩል ማለት ነው። ለባልና ለሚስት አሥራ አምስት ቀን ሆነ!

5ኛ. ክብር። ይህ በብር የማይተመነው ነው። ሴቶቻችን ሰው እንዳያያቸው ወይ ከሱብሒ በፊት ወይ ከመግሪብ በኋላ ጨለማ ለብሰው ይወጣሉ። ቀን ቀን ላለመቸገር ሲሉ ውሃ የማይጠጡ አሉ። ከዚያ የሽንት ቧንቧ ሕመምና ድርቀት ይዟቸው ወደኛ ይመጣሉ። እርጉዟንና አቅመ ደካማ አዛውንቱን ደግሞ አስቧቸው። የሴት ልጅ ደኅንነትማ ምን ይነገራል!

የዓለም ባንክ የውሃና ሳኒቴሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ በሳኒቴሽን ጉድለት ምክንያት ኢትዮጵያ በዓመት 13.5 ቢሊዮን ብር እንደምታጣ ገምቶ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ሲካፈል በዚያን ጊዜው ብር 170 ብር ይደርሳል፤ ከአገሪቱ አጠቃላይ ምርትም 2.1 በመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ሪፖርት፣ ለሳኒቴሽን የወጣ አንድ ዶላር በአማካይ 5.5 ዶላር መልሶ እንደሚያስገኝ አስልቷል። የሚገርመው፣ በዚህ ስሌት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ከመድኃኒት የሚቆጠበው ገንዘብ ሳይሆን የሚተርፈው ጊዜ ነው።

እስካሁን የተሄደው መንገድ

ምንም አልተሠራም ማለት ግን ግፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር። በ2015 ይህ ቁጥር ወደ 29 ወርዷል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎቹን በየቀበሌው አሰማርቶ የሽንት ቤት ቁፋሮን ከትምህርቶቹ አንዱ ማድረጉ ለዚህ ትልቅ አስተዋጽኦ ነበረው። ክልላችንም የራሱ ታሪክ አለው። የካርተር ማዕከል ከጤና ቢሮው ጋር የትራኮማ መከላከል ሥራ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አሥር ሺህ ሽንት ቤት ለማሠራት አቅዶ፣ ሕዝቡ በአካባቢው በሚገኝ እንጨትና ጭቃ ወደ 90,000 የሚጠጋ ሽንት ቤት ሠራ። በዚህ ሥራ ሴቶች ግንባር ቀደም ነበሩ። ለምን እንደሆነ ከላይ በ5ኛው ላይ ያነበባችሁት ይበቃል።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ያው የ2016 ጥናት እንዳመለከተው፣ ከገጠር ቤተሰቦች መካከል ደረጃውን የጠበቀና ለብቻ የሚገለገሉበት ሽንት ቤት የነበራቸው ከ100 አራቱ ብቻ ናቸው። 39ኙ ምንም አልነበራቸውም። የቀሩት ያላቸው አብዛኛውን ጊዜ ክዳን የሌለው፣ ወለሉ የማይታጠብ፣ ክረምት ሲመጣ የሚደረመስ ጉድጓድ ነው። አሁን የሚያስፈልገን እንግዲህ «ሽንት ቤት ሥሩ» የሚል ምክር ብቻ አይደለም፤ የትኛውን እንሥራ የሚለውን ማስላት ነው።

የሽንት ቤት ዓይነቶችና ሒሳባቸው

ሀ) ተራ ጉድጓድ በእንጨትና በጭቃ። ርካሹ ይህ ነው። ጉልበትና እንጨት ካለ በቂ ነው። ጉዳቱ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ የጭቃው ወለል አይታጠብም፣ የዝናብ ጎርፍ ሲገባበት ይደረመሳል። በተለይ ዋልካ አፈር ባለበት ቦታ፣ አፈሩ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ የጉድጓዱን ግድግዳ ያፈርሰዋል።

ለ) የተጠናከረ ጉድጓድ። አፉ ዙሪያ በድንጋይ የተካበ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያለው፣ ወለሉ የሲሚንቶ ወይም የፕላስቲክ ስላብ የሆነ ነው። ወጪው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በውሃ ይታጠባል፣ ልጅም አዛውንትም ሳይፈራ ይገባበታል። ጉድጓዱ ሲሞላ ስላቡን አንስቶ ወደ ሌላ ጉድጓድ መውሰድ ይቻላል።

ሐ) የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዚምባብዌ ውስጥ የተሻሻለ ዘዴ ነው። ረጅሙ ቱቦ ሽታውን ወደ ላይ ይስባል፤ በጫፉ ላይ ያለው ወንፊት ደግሞ ብርሃን አይታ የምትወጣውን ዝንብ እዚያው ያስቀራል። ቱቦው ብቻ ኖሮ ወንፊቱ ከተቀደደ ግን ገንዘባችሁ ለከንቱ ሆነ ማለት ነው።

መ) በውሃ የሚዘጋ። በትንሽ ውሃ የሚለቀቅ መቀመጫ ነው። ሳቶ የሚባለው የፕላስቲክ መቀመጫ ከዚህ ወገን ይቆጠራል። መጀመሪያ ለባንግላዴሽ የተሠራ ሲሆን በአገራችንም ገበያ ላይ ውሏል። ታች ያለው ክዳን በውሃው ክብደት ይከፈትና ተመልሶ ራሱ ይዘጋል፤ ስለዚህ ዝንብም ሽታም አይወጣም። ከአንድ ሊትር ያነሰ ውሃ ይበቃዋል።

ሠ) ዛፍ የሚተከልበት። አንድ ሜትር የማይሞላ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በተጠቀሙ ቁጥር አፈርና አመድ እየተጨመረበት፣ ሲሞላ በአፈር ተከድኖ ዛፍ ይተከልበታል። ስላቡና ቤቱ ወደ ሚቀጥለው ጉድጓድ ይዛወራል። በመርሳና በግራና ማንጎና ፓፓያ የማይተክል ማን አለ? ጉድጓዱ ጥልቅ ስላልሆነ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታም ይመከራል። ጉዳቱ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መቆፈርን መጠየቁና ብዙ ውሃ የሚፈስበት ከሆነ ቶሎ መጨቅየቱ ነው። ከነጃሳ ላይ ስለበቀለ ዛፍ ፍሬ ሸሪዓዊ ጥያቄ ያለው ሰው ዑለሞቹን ይጠይቅ፤ የእኔ ድርሻ የጤናውን መናገር ነው።

ረ) ሴፕቲክ ታንክ። እንደ ወልዲያና መርሳ ባሉ ከተሞች ቧንቧ ውሃ ለገባላቸው ቤቶች፣ ሆቴሎችና ተቋማት የሚሆን ነው። ምቹ ነው፤ ወጪው ግን ተሠርቶ ሲያልቅ አያልቅም። ሲሞላ በቦቴ መኪና ማስመጠጥ ያስፈልጋል። ቦቴው የጫነውን የት እንደሚደፋም የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ወንዝ ዳር ከተደፋ ከእኛ ግቢ ያወጣነውን በሽታ ወደ ታችኛው ሰፈር ላክነው እንጂ አላስወገድነውም።

የአንድ ቤተሰብ ሒሳብ

ብር ዋጋው ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በሥራ ቀን እንሥራው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ተኩበት።

ስድስት ሰው ያለበት ቤት እንበል። ተራውን ጉድጓድ ለመቆፈርና ለማቆም ሰባት የሥራ ቀን ይፈጃል። በየሁለት ክረምቱ ቢደረመስ በስምንት ዓመት አራት ጊዜ ይሠራል፤ ሰባት በአራት ሲባዛ 28 ቀን። የተጠናከረው ግን ያው ሰባት ቀን፣ ለድንጋዩ ሦስት ቀን፣ ስላቡና ሲሚንቶው የስምንት ቀን የቀን ሥራ ደመወዝ ይሁንበት፤ ድምሩ 18 ቀን። በየዓመቱ ለጥገና ግማሽ ቀን ብንጨምር በስምንት ዓመት አራት ቀን፤ ጠቅላላው 22 ቀን። አያችሁ? ውድ የተባለው በስድስት ቀን ረከሰ! መጀመሪያ ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ግን በእርግጥ ይከብዳል። ለዚህ ነው በዕቁብም ሆነ በመረዳጃ ማኅበር በየወሩ ለአንድ ቤት ስላብ መግዛት ያዋጣል የምለው።

ስምንት ዓመት የሚለውን ከየት አመጣሽው ትሉኝ ይሆናል። በውሃ የሚታጠብ አንድ ሰው በዓመት የሚያጠራቅመው ደለል በግምት ከ40 እስከ 60 ሊትር ነው። ስድስት ሰው ከ240 እስከ 360 ሊትር ያጠራቅማል ማለት ነው። ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር የሆነ ጉድጓድ፣ የላይኛው ግማሽ ሜትር ባዶ ቢተው 2,500 ሊትር ይይዛል። ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ያገለግላል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ያለውን ትርፍ ደግሞ እንይ። ያቺ እናት በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። በእያንዳንዱ ሕመም ሁለት የሥራ ቀንና የአንድ ቀን ደመወዝ የሚያህል ወጪ አወጣች እንበል። ሽንት ቤቱ ሦስቱንም ያስቀራል ብዬ አልዋሻችሁም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ቢያስቀር በስምንት ዓመት 24 ቀን ይተርፋል። ይህ ብቻውን የሽንት ቤቱን ወጪ ሸፈነ። ከላይ ያሰላነው በዓመት አሥራ አምስት ቀን ጊዜ ገና አልተነካም። የተረፈ ጊዜ ሁሉ ወደ ብር ባይለወጥም፣ ግማሹ ለማሳ ወይም ለልጅ ቢውል ቀላል አይደለም።

በውሃ ለምንጸዳ ሰዎች

እኛ ሙስሊሞች ኢስቲንጃእ በውሃ ስለምናደርግ የሽንት ቤታችን ሒሳብ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። መልካሙን ዜና ላስቀድም። በድንጋይ፣ በቆሮቆንዳ ወይም በጨርቅ የሚጠረግበት ደረቅ ጉድጓድ በሰው በዓመት እስከ 90 ሊትር ሊጠራቀምበት ስለሚችል፣ ያው ለስድስት ሰው የቆፈርነው ጉድጓድ አምስት ዓመት ሳይደፍን ይሞላል። በውሃ መጸዳት የጉድጓድን ዕድሜ ያስረዝማል ማለት ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላኛው ጎኑ ነው።

• ውሃ የጭቃ ወለልን ያበሰብሳል። ስለዚህ ለእኛ የሚታጠብ ስላብ ቅንጦት አይደለም። ወለሉ ወደ ቀዳዳው ዘንበል ይበል፤ ካልሆነ ነጃሳው እግርና ልብስ ላይ ይፈናጠራል።

• የውዱእና የገላ መታጠቢያ ውሃ ወደ ጉድጓዱ አይግባ። ለእሱ ጠጠር የተሞላ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርለት።

• ሸለቋችን በከርሰ ምድር ውሃው የታወቀ ነው። የቆቦ-ግራና ሸለቆ መስኖ የቆመው በዚሁ ውሃ ነው። ስለዚህ ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከተቻለም ከውሃው በታች በኩል ይሁን። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድሩ ውሃ ቢያንስ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ቁፋሮው ላይ እርጥበት ካያችሁ እዚያው አቁሙ። የመስኖ ቦይ አጠገብ መጸዳዳትማ በቢልሃርዝያ በኩል ጭምር አደጋ ነው።

• ኢብሪቁን የያዘው እጅ ሲወጣ በሳሙና ይታጠብ። በውሃ ብቻ መታጠብ ጠሃራውን ቢያስገኝም፣ ተህዋሲውን በደንብ የሚያስለቅቀው ሳሙና ነው። ሳሙና ከሌለ አመድ። እጅን በሳሙና መታጠብ ብቻውን ተቅማጥን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው አሳይተዋል። ከዚህ የረከሰ መድኃኒት እኔ መደርደሪያ ላይ የለም።

ብቻውን የቆመ ሽንት ቤት

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። «እኛ ሽንት ቤት አለን፤ ልጆቻችን ግን ይታመማሉ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው። ሕንድ ውስጥ በኦዲሻ ክፍለ ግዛት 100 መንደሮች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ነበር። በፕሮግራሙ በታቀፉት መንደሮች ሽንት ቤት ያላቸው ቤተሰቦች ከ9 ወደ 63 በመቶ አድገዋል። ተቅማጡና የሆድ ትሉ ግን አልቀነሰም። ለምን? ሲሶ የሚሆነው ቤት ሽንት ቤት አልነበረውም፤ ካላቸውም መካከል ብዙዎቹ አይገቡበትም ነበር። ሩቅ ሳንሄድ፣ በጎረቤታችን በዋግ ኽምራ ለሦስት ዓመት ውሃ ማቅረብን፣ ሳሙናንና የንጽሕና ትምህርትን ያካተተ ሥራ ተሠርቶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ሥራው በተሠራባቸውና ባልተሠራባቸው ቦታዎች መካከል በሕፃናት የትራኮማ ተህዋሲ ላይ ልዩነት አልታየም።

ታዲያ ሽንት ቤት አይጠቅምም እንበል? አይደለም። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የዓይን ዝንብ የምንላት፣ በልጆች ዓይን ላይ የምታርፈዋ፣ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ እንጂ በሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ጋምቢያ ውስጥ ለመንደሮች ሽንት ቤት ሲሠራላቸው በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፉት እነዚህ ዝንቦች በ30 በመቶ እንደቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አሳይቷል። አስተውሉ! እኔ ቤት ስላብ ቢኖር፣ ጎረቤቴ ሜዳ ላይ ከወጣ ዝንቧ አጥር አያግዳትም። የሽንት ቤት ወጪ የአንድ ቤት ነው፤ ትርፉ ግን የሰፈር ነው። ግማሹ ሰፈር ሲሠራ የሚገኘው የጤና ጥቅም ግማሽ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ትልቁን ትርፍ የሚያመጣው የመጨረሻው ቤት ነው። ያ ቤት ብዙውን ጊዜ የደሃዋ፣ የባልቴቷ ወይም የሕመምተኛው ቤት ነው። ስለዚህ ለዚያች ባልቴት ጉድጓድ መቆፈር ሰደቃ ብቻ ሳይሆን ለራስ ልጅ ሕክምና መክፈልም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ባንግላዴሽ ውስጥ በካማል ካር የተጀመረው ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ሜዳ ላይ የተጣለው ወደ ምግቡ እንዴት እንደሚመለስ በዓይኑ ያያል፤ ከዚያ ራሱ ይወስናል። አገራችንም ከ2006 ወዲህ ዘዴውን ተቀብላ በየቀበሌው ስትሠራበት ቆይታለች። ጉድለቱ ታዲያ የውሳኔው ቀን ይሞቅና ክረምቱ ያፈረሰውን የሚጠግን መጥፋቱ ነው።

በቤታችን ውስጥም የሚረሳ ነገር አለ፤ እሱም የሕፃናት ዓይነ ምድር ነው። «የልጅ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ብለን ጓሮ እንጥለዋለን። የሕፃን ዓይነ ምድር ከትልቅ ሰው ያልተናነሰ ተህዋሲ አለው። ወደ ሽንት ቤቱ ካልገባ ግቢያችን ራሱ ሜዳ ሆነ ማለት ነው። ቀዳዳው ሁልጊዜ ይከደን፤ በደረቁ ጉድጓድ አመድ ይነስነስ፤ የመታጠቢያው ጀሪካን ከነሳሙናው በሩ ላይ ይሰቀል።

የመስጂዳችን ሽንት ቤት

ሰዎች በሚሄዱበት መንገድ፣ በሚያርፉበት ጥላና ውሃ በሚቀዱበት ቦታ መጸዳዳትን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸው ከሁላችን የተሰወረ አይደለም። ጁምዓ ከየገጠሩ የሚመጣው ሰጋጅ ታዲያ ሽንት ቤቱ ተዘግቶ ሲያገኘው የት ይሂድ?

በልጅነቴ ከተማርኩበት መድረሳ ልንገራችሁ። መዋጮ ተሰብስቦ ጥሩ የሲሚንቶ ሽንት ቤት ተሠራ። ሲመረቅ በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። የሚያጸዳውን ሰው ደመወዝ ግን ማንም አላሰበውም። ዓመት ሳይሞላው ቆሸሸ፤ ቀጥሎ ተቆለፈ። እኛ ሴቶቹ ልጆች ከዙህር በፊት ወደ ቤት እየሄድን የከሰዓቱ ትምህርት ያመልጠን ነበር። ጓደኞቼ መካከል በዚያው የቀሩ አሉ። ያኔ የጎደለው ገንዘብ አልነበረም፤ የጎደለው ሒሳብ ነበር።

ስለዚህ ለመስጂድ ኮሚቴዎች አንድ ምክር አለኝ። ሽንት ቤት ለመሥራት ስታቅዱ ሁለት ዝርዝር ጻፉ። አንዱ የመሥሪያው ነው፤ ሲሚንቶ፣ ስላብ፣ በር፣ ጣሪያ። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚወጣው ነው፤ የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ የተሰበረ በር ማስጠገኛ፣ ሲሞላ ማስመጠጫ። ለሁለተኛው ዝርዝር ገቢ ካልተገኘለት ከስድስት ቀዳዳ ሦስቱን ሥሩና የተረፈውን ገንዘብ ገቢ ለሚያስገኝ ነገር አውሉት። የአንዲት ሱቅ ኪራይ ወይም የጥቂት ማንጎ ዛፎች ፍሬ ለሽንት ቤቱ ወቅፍ ቢደረግ ሰደቀቱል ጃሪያ አይደለምን? የሴቶቹ በር ደግሞ ለብቻው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መብራትና ውሃ ያለው ይሁን።

ለማጠቃለል

ያቺ እናት ለአራተኛ ጊዜ ስትመጣ ባለቤቷም አብሯት ነበር። ከላይ የሠራነውን ሒሳብ በመድኃኒት መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «የኛስ ይሁን፤ የጎረቤቶቻችንስ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም ያለው በመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከሰላት በኋላ ሰብሰብ ብለን በምንቀመጥበት ቦታ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በየሰፈራችሁ የትኛው ቤት ሽንት ቤት እንደሌለው፣ የትኛው ሊደረመስ እንደደረሰ ቁጠሩ። ከዚያ ከመጨረሻው ቤት ጀምሩ።

ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ ሽንት ቤቱ እስኪሠራ አትጠብቁ። ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፤ ዚንኩን ጤና ባለሙያ በሚያዝዘው መጠን ሙሉውን ቀን ጨርሱ፤ ጡትና ምግብ አታቋርጡ። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየበት ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የአሜባ መድኃኒት በግምት ገዝታችሁ አትስጡ።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን።